እንዶድና የምርምር ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል በየአጥሩ የሚበቅል ተክል መገኘቱ ታላቅ ተስፋ ነበር። ለዘመናት ሸማ ሲያነጣ የኖረው ፍሬ ለሳይንስ ጥያቄ አቀረበ።

ይሁንና ለሰፊ አገልግሎት አልበቃም። በገበያ ላይ የነበረው ኬሚካል ከጀርባው ኩባንያ ነበረው፤ ማንም ሊዘራው ለሚችለው እንዶድ ግን የምርመራውን ወጪ የሚሸፍን ነጋዴ አልተገኘም። ዓለም አቀፍ ተቋማት ጉዳት አልባነቱ እውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን ማስረጃ የሚጠይቀው ወገን ለማስረጃው የሚከፍል አልነበረም። በካናዳ ድጋፍ ምርመራው የተካሄደው ከግኝቱ ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው። አክሊሉ ለማ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት እምነት እንደሚነፈገው አዘውትረው ይናገሩ ነበር፤ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የባህልም ነበር ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎች በዛጎል ለበስ እንስሳት ሲደፈኑ ግን፣ ያው እንዶድ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የፓተንት ጥያቄ ቀረበበት።

ወቀሳውን ሁሉ ወደ ውጭ መወርወር ቀላል ነው። በየትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ርእስ እንዴት እንደሚመረጥ የምናውቅ ግን ይህን በድፍረት አንልም። የእኔ ርእስ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሁለቱንም ጊዜ የለወጠው ከመስክ ያገኘሁት መረጃ ሳይሆን የለጋሾች የጥሪ ማስታወቂያ ነው። የገበሬውን ወይም የልብስ አጣቢዋን እውቀት እንደ ማስረጃ መነሻ የሚቀበል አማካሪም ብዙ አይደለም። (የእኛ ባህል ስለሆነ ለማን እንደምንከስ አላውቅም።)

የትምህርት ክፍሎች ከጥቂቱ በጀታቸው ከመስክ ለሚነሡ ጥያቄዎች ጥቂት ቢመድቡ፣ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍም ወጪውን ማን እንደ ከፈለና ጥያቄውን ማን እንዳነሣ በመግቢያው ላይ ቢገልጽ፣ ቢያንስ ምን ሳይጠና እየቀረ እንዳለ መቁጠር እንጀምራለን።