መስጅዱ የማን ነው? መልሱ ካውንቲው መዝገብ ውስጥ ነው



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሁሉንም ሰው እንደማያስደስት እናውቃለን። ቢሆንም ዝምታው በዝቷል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በየጁምዓው የምትሰግዱበት፣ ልጆቻችሁ ቁርኣን የሚቀሩበት፣ በየረመዳኑ ከኪሳችሁ የምታዋጡለት መስጅድ በማን ስም ነው የተመዘገበው?

«የጀመዓው ነው» ትሉን ይሆናል። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር የኖርነው። ግን «የጀመዓው ነው» የሚለው ወሬ ነው ወይስ መዝገብ? ወረቀቱን በዓይናችሁ አይታችኋል?

እኛ አላየንም ነበር። ባለፈው ዓመት የመስጅዳችን ጣራ ማፍሰስ ሲጀምር ለማሳደስ ተነሳን። ሥራውን የሚይዘው ኮንትራክተር የባለቤቱን ማስረጃ ጠየቀ። ቦርዱ ፋይል ውስጥ ቢፈለግ አልተገኘም። ስለዚህ አራት ሰዎች ሆነን የመሬት መዝገብ ወደሚያዝበት የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄድን። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛ ማን እንደሆንን፣ ለምን እንደፈለግነው አልጠየቀችንም። አድራሻውን ሰጠናት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥቂት ገጾች አትማ ሰጠችን፤ የከፈልነውም ለምሳ ከምናወጣው አይበልጥም።

በገዢው ቦታ ላይ የጀመዓው ስም የለም። ያለው ከመሥራቾቹ የአንዱ አባታችን ስም ነው። እሱ ብቻ አይደለም። በእሳቸው ስም ላይ ከድሮ የጭነት መኪና ሥራቸው የመጣ የፍርድ ቤት ዕዳ ተመዝግቦ ነበር። ቤቱ በስማቸው ስለሆነ ያ ዕዳ መስጅዱ ላይም አርፏል። የእኛ ሶደቃ፣ የእናቶቻችን ቀለበት፣ የታክሲ ነጂ ወንድሞቻችን የሌሊት ድካም የተከማቸበት ቤት ለማናውቀው ዕዳ መያዣ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው።

እኚህ አባት ሌባ ናቸው? በጭራሽ! ቤቱ ሲገዛ ጀመዓው የሁለት ዓመት ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። ባንኩ ክሬዲት ያለው ሰው ፈለገ፤ እሳቸው «ስሜን ውሰዱ» ብለው ፈረሙ። «በኋላ እናዛውረዋለን» ተባለ። በኋላ የሚባለው ቀን ሳይመጣ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ሄደን ስናናግራቸው ያሉንን አንረሳውም፤ «እኔ ብሞት ልጆቼና ጀመዓው ምን ይሆናሉ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ማንሳት አፈርኩ» አሉን።

እንግዲህ ልብ በሉ! ዝም ስንል የጎዳነው መስጅዱን ብቻ አይደለም። ያመንነውን ሰውም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሸክም አሸክመነዋል።

*ካርታና ዲድ አንድ አይደሉም*

ችግሩ በከፊል ከልማዳችን ይመነጫል። በአገራችን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት የመንግሥት ነው። ባለይዞታው ከማዘጋጃ ቤት ካርታ ያወጣል፤ ካርታውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የያዘ ሰው ልቡ ያርፋል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ዲድ የሚባለው ሻጭ ለገዢ ንብረቱን የሚያስተላልፍበት የተፈረመ ሰነድ ነው። መንግሥት አያወጣውም፤ ሻጩ ይፈርማል፣ ኖተሪ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ካውንቲው ይመዘግበዋል።

መዝገቡን የሚይዘው ቢሮ እንደየስቴቱ ስሙ ይለያያል። ቴክሳስ ውስጥ የካውንቲ ክለርክ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ክለርክ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የካውንቲ ሪከርደር፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ሪከርደር ኦፍ ዲድስ ይባላል። በነገራችን ላይ ይህን የዲሲውን ሹመት ከ1881 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. የያዘው ከባርነት ያመለጠው ታላቁ ታጋይ ፍሬደሪክ ዳግላስ ነበር። በአንድ ወቅት ራሱ እንደ ንብረት የተቆጠረ ሰው የዋና ከተማዋን የንብረት መዝገብ ያዘ። መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ክለርኩ ዳኛ አይደለም። ፊርማና ኖተሪ መኖሩን፣ የቦታው መግለጫ መጻፉን፣ ክፍያው መፈጸሙን አይቶ ይመዘግባል እንጂ «ይህ ገንዘብ የማን ነው? የጀመዓው አይደለም ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የተጻፈለትን ስም ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ዲድ ተፈርሞ ሳይመዘገብ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ አደጋ ላይ ነው። በስቴቶቹ ሕግ ዝርዝሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰነድ በኋላ ምንም ሳያውቅ ገዝቶ ባስመዘገበ ሰው ፊት ሊሸነፍ ይችላል። እንደ ሰሜን ካሮላይና ባሉ ቦታዎችማ ቀድሞ ያስመዘገበ ይቀድማል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህንን ነው። መስጅዱ የጀመዓው መሆኑ በቃል ነው ያለው። በመጽሐፍ ያለው የግለሰብ ስም ነው። እንግዲህ የሚወረሰው የቱ ነው?

*የሚቀርቡልን ሰበቦች*

ይህን ስናነሳ ሦስት መልስ ይሰጠናል።

የመጀመሪያው «ወንድምን መጠርጠር ነው፤ ፊትና ነው» የሚል ነው። ፊትና የሚመጣው ከመጠየቅ ነው ወይስ ካለመጠየቅ? ባለስሙ ሲሞት ቤቱ በሕግ ፊት የውርስ ንብረት ሆኖ ይቀርባል። ጀመዓውን የማያውቁ፣ ሌላ ስቴት ያደጉ ልጆች ይመጣሉ። ባለስሙ ትዳሩ ቢፈርስ ቤቱ በፍቺ ክፍፍል ውስጥ ይነሳል። ቢከሰስና ቢፈረድበት ዕዳው ቤቱን ይይዛል። ያኔ ጀመዓው ፍርድ ቤት ቆሞ «ገንዘቡ የሕዝብ ነበር» ብሎ መከራከር ይችላል፤ ግን ለጠበቃ ስንት አውጥቶ? በየትኛው ደረሰኝ? ከወንድሙ ልጆች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ? ፊትና ማለት ያ ነው።

ሁለተኛው «ሽማግሌዎችን ማዋረድ ነው» ይላል። የእኛው አባት ምን እንዳሉ ከላይ አንብባችኋል። ታማኝ ሰው ሲጠየቅ ይገላገላል እንጂ አይዋረድም። ጥያቄው የሚያስቆጣው ሰው ካለ ደግሞ ቁጣው ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው «አላህ ያውቃል፣ ኒያው ጥሩ ነው» የሚለው ነው። አላህ ማወቁን ማን ይክዳል! ግን ሁሉን የሚያውቀው ጌታ ራሱ ጻፉ ብሎናል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ እናስታውስ። የአል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ጊዜ የተቆረጠለት ዕዳ ይጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ የሚል ነው መልእክቱ። ይህ የተነገረው ለሶሓቦች ትውልድ ነው። እነሱ ጻፉ ከተባሉ እኛ በምን እምነታችን በልጠናቸው ነው በቃል የምንተወው?

ወቅፍም እንደዚያው ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አማክረው መሬቱ ሳይሸጥ፣ ሳይሰጥ፣ ሳይወረስ ፍሬው ለሶደቃ እንዲውል አደረጉት። በአቡ ዳዉድ ስብስብ እንደተዘገበው ያ ወቅፍ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ የጻፈውም የመሰከረውም በስም ተጠቅሷል። የዑመር ታማኝነት ያጠራጠረው ማን ነበር? ማንም። ግን ተጻፈ።

*መዝገብ አይረሳም*

መዝገብ ተራ ወረቀት ነው ለሚል አንድ ታሪክ እንንገረው። በሲያትል ከተማ፣ ኪንግ ካውንቲ መዝገብ ውስጥ፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የተመዘገቡ ሰነዶች አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ «የኢትዮጵያ ዘር» የሆነ ሰው ቤቱን እንዳይጠቀምበት፣ እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ በግልጽ ተጽፏል። ያኔ በዚያ ቃል የሚጠሩት ጥቁር ሕዝብን በሙሉ ነበር። አይሁዶችና እስያውያንም አብረው ተከልክለዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም አለ፤ በ1968 የወጣው የቤቶች ሕግ ደግሞ መድልዎውን ከለከለ። ጽሑፉ ግን ዛሬም መዝገቡ ውስጥ አለ። እኛን ለማስወጣት የፈለጉት ሰዎች ፍላጎታቸውን በካውንቲው መዝገብ ለማስጻፍ አልሰነፉም። እኛ የራሳችንን ቤት በራሳችን ስም ለማስጻፍ ለምን እንሰንፋለን?

*እንግዲህ ምን ይደረግ?*

ለየጀመዓው አባል፣ ለየቦርዱ የምንለው ይህ ነው።

1. መዝገቡን ዛሬ ፈልጉ። የማንንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። መጀመሪያ በአድራሻው የንብረት ታክስ መዝገብ ላይ ባለቤት የተባለውን ስም እዩ። ከዚያ በክለርኩ ማውጫ በሻጭና በገዢ ስም ፈልጉ። የመጽሐፍና የገጽ ቁጥሩን ወይም የሰነድ ቁጥሩን ጻፉ። ብዙ ካውንቲዎች ማውጫቸውን በኢንተርኔት አውጥተውታል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሰነዱን ራሱን በነጻ ማየት ይቻላል።

2. ዲዱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የሞርጌጅ ሰነድ አለ? ተከፍሎ ካለቀ የመዘጋቱ ወረቀት ተመዝግቧል? የፍርድ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ታክስ አለ? ቤቱ በግለሰብ ስም ከሆነ ለአምልኮ ቤቶች የሚሰጠው የታክስ ነጻነት በአብዛኛው አይገኝም። ታክሱ ሳይከፈል ከተከማቸ ደግሞ ቤቱን እስከማጣት ያደርሳል።

3. ጀመዓው በሕግ የተቋቋመ፣ በስቴቱ የተመዘገበና ምዝገባውን ያደሰ ነን ፕሮፊት መሆኑን አረጋግጡ። ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ስብስብ ቤት ሊዛወርለት አይችልም። መተዳደሪያ ደንቡም ቤቱን ማን፣ በስንት ድምፅ ሊሸጥ እንደሚችል ይናገር።

4. ከዚያ አዛውሩት። ግን በጠበቃ! ሞርጌጅ ያለበት ቤት ባንኩ ሳያውቅ ቢዛወር ባንኩ ዕዳውን በአንዴ ሊጠይቅ ይችላል። ከኢንተርኔት ባገኛችሁት ቅጽ የተጻፈ ኩዊትክሌም ዲድ ደግሞ የታይትል ኢንሹራንሱን ሊያበላሽ ይችላል። ለጠበቃ የምታወጡት ነገ ለክርክር ከምታወጡት ያንሳል።

5. ከተመዘገበ በኋላ ቅጂውን አውጥታችሁ ለጀመዓው አሳዩ። ብዙ ካውንቲዎች በስማችሁ አዲስ ሰነድ ሲመዘገብ የሚያሳውቅ ነጻ አገልግሎት አላቸው፤ ተመዝገቡ። በፖስታ እየመጣ «የዲድዎን ቅጂ በዚህን ያህል ዶላር እናውጣልዎ» የሚለውን ወረቀት ጣሉት፤ ካውንቲው ያንኑ ቅጂ በጥቂት ዶላር ይሰጣችኋል።

ይህ ምክር ለመስጅድ ብቻ አይደለም። በወንድሙ ክሬዲት ቤት የገዛ፣ ከእህቱ ጋር ቅድመ ክፍያ ያዋጣ፣ ስሙ ሳይገባ ወርሃዊውን የሚከፍል ስንት ሰው አለ! «እኛ ዘመድ ነን» የሚለው ቃል ክለርኩ ማውጫ ውስጥ አይገኝም።

የእኛ ጉዳይ እንዴት አለቀ? አባታችን ያላቸውን ጥሪት አሟጠው ዕዳቸውን ከፈሉ፤ የጎደለውን ጥቂቶቻችን ሞላን። ጠበቃው ዲዱን አዘጋጀ፣ እሳቸው ኖተሪ ፊት ቀርበው ፈረሙ፣ ካውንቲው መዘገበ። ጣራው በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ክረምት ዘገየ፤ በሶላት ሰዓት ባልዲ አስቀምጠን ሰገድን። ፊትና ነው ያሉን ወንድሞችም አሁን ከእኛ ጋር ይሰግዳሉ፣ አልሐምዱሊላህ። የዲዱ ቅጂ ከሶላት ሰዓት ሰሌዳው ጎን ተሰቅሏል። ልጆቻችን ሲያልፉ ያነቡታል፤ በገዢው ቦታ ላይ የጀመዓው ስም አለ።

ሶደቃችሁን ሰጥታችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ግን ሶደቀቱል ጃሪያ እንድትሆንላችሁ ቤቱ ከሰጪዎቹም ከባለስሙም በኋላ መቆየት አለበት። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው መርጣችሁ ወደ ካውንቲው ላኩ። ያገኙትን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው ያንብቡ። ስሙ ትክክል ከሆነ አላህን አመስግኑ። ካልሆነ ባለስሙ በሕይወት እያለ፣ እጁ መፈረም እየቻለ አስተካክሉት።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ።