የቤትን ኢንተርኔት ዝቅ ስለ ማድረግ

የቤት ወጪ ሲከብድ አስተዋዮች ባልና ሚስት የወሩን መዝገብ ገልጠው የሚቀነሰውን መፈለጋቸው የሚያስመሰግን ነገር ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ዕቃ ዋጋ ከፍ በማለቱ፥ ይህ መዝገብ በየቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ደጋግሞ ይገለጣል። በተገለጠም ጊዜ ዓይን ቶሎ ከሚያርፍባቸው መስመሮች አንዱ የኢንተርኔት ክፍያ ነው። እንጀራ አይደለም፤ የቤት ኪራይም አይደለም፤ ስለዚህ «ይህንንስ ዝቅ ብናደርገው ምን ይቀርብናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልሱ ግን እንደ የቤቱ የሚለያይ ስለ ሆነ፥ አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የሚከፈልበት ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ለቤት የሚገባው መደበኛ መስመር ወርኃዊ ዋጋው የሚወጣለት በፍጥነቱ ሲሆን፥ ፍጥነቱም በሜጋቢት በሰከንድ ይለካል። ይህን ፍጥነት እንደ ቧንቧ ስፋት ልንቈጥረው እንችላለን። ቧንቧው ሰፊ በመሆኑ የሰው ጥማት አይጨምርም፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ እንስራቸውን ይዘው ቢቀርቡ ጠባቡ ቧንቧ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በወር ስንት ሰዓት እንጠቀማለን?» የሚለው ሳይሆን፥ «ሁላችን አብረን በምንጠቀምባት ሰዓት ስንት ያስፈልገናል?» የሚለው ነው።

ግምቱም አስቸጋሪ አይደለም። በድምፅ ብቻ ለመነጋገር አንድ አሥረኛ ሜጋቢት ያህል ይበቃል። ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር ከ1 እስከ 2 ሜጋቢት ይፈልጋል። መካከለኛ ጥራት ያለው ፊልም 3፥ እጅግ የጠራው 5 ያህል፥ ለትልልቅ ቴሌቪዥን የሚዘጋጀው ደግሞ 15ና ከዚያም በላይ ይወስዳል። መልእክት መጻፍና ጋዜጣ ማንበብ ግን ከቍጥር የሚገባ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል አምስት ነፍስ የሚኖርበትን አንድ ቤት እናስብ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አያት ቤይሩት ከምትሠራው ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራሉ፤ 2 ሜጋቢት። ታላቂቱ ልጅ የርቀት ትምህርቷን ትከታተላለች፤ 2። ታናሹ ፊልም ያያል፤ 5። አባትና እናት በስልካቸው ዜና ይመለከታሉ፤ ለሁለቱም 1 ቢሰጥ ድምሩ 10 ይሆናል። ይህ ቤት 25 ሜጋቢት እየከፈለ እንደ ሆነ፥ ከ10 ብዙም ከፍ ወዳላለው መስመር ቢወርድ ማንም ሳይጎዳ ወጪው ይቀንሳል። «ከቀነስን አይቀር» ብሎ ወደ 4 ቢወርድ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልናመለክት እንወዳለን። መስመሩ በጠበበ ጊዜ ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ፊልም ተሠርቶ ያለቀ ነገር ስለ ሆነ፥ መሣሪያው ወደ ፊት የሚታየውን ክፍል ቀደም ብሎ ያከማቻል፤ መስመሩም ቢደክም ካከማቸው እየወሰደ ያሳያል። የሰው ንግግር ግን ገና ከአፍ ያልወጣ ስለ ሆነ አስቀድሞ ሊያከማቸው የሚችል የለም። ስለዚህ ሌሊትና ቀን ፊልም የሚያየው ልጅ ጉዳቱ ሳይታወቀው፥ በሳምንት አንድ ቀን የልጃቸውን ፊት የሚያዩት አያት ምስሉ እየደረቀ፥ ድምፁም እየተቈራረጠ ያስቸግራቸዋል። ብዙ የሚጠቀመው ሳይነካ ጥቂት የምትጠቀመው ነፍስ ትከፍላለች ማለት ነው። እኚህ እናትም «ኔትዎርኩ እምቢ አለ» ብለው ስልኩን ያስቀምጣሉ እንጂ፥ ክፍያው ተቀንሶ እንደ ሆነ አይጠይቁም።

እንግዲህ ከመቀነስ በፊት ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ እንመክራለን።

መጀመሪያ፥ የምንከፍልበት ፍጥነት በእውነት እየደረሰን መሆኑን እንለካ። ከራውተሩ አጠገብ ሆኖ፥ ቢቻል በሽቦ አገናኝቶ፥ ሁለት ሦስት ምሽት መለካት ነው። ራውተሩ ከቁም ሣጥን ጀርባ ተደብቆ፥ በወፍራም ግድግዳም ተከልሎ እንደ ሆነ ድካሙ የመስመሩ ሳይሆን የቦታው ነው። እንዲሁም በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣው መስመር ቤቱ ከቴሌፎን ጣቢያው በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሽቦው 8 ብቻ የሚሸከም መሆኑን ባለሙያ ካረጋገጠ፥ ለ25 መክፈል ላልጠጡት ውሃ መክፈል ነውና ያለ ማመንታት ዝቅ ይደረግ።

ሁለተኛ፥ አንድ ሳምንት ያህል መልመጃ ይደረግ። በስልክ በሚታይ ትንሽ ምስልና እጅግ በጠራው መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን ብዙም አይለየውም፤ ስለዚህ ልጆች የፊልሙን ጥራት ወደ 480 ዝቅ አድርገው ይዩ። በምሳሌያችን ያለው የልጁ ፊልም ከ5 ወደ 2 ገደማ ሲወርድ ድምሩም ከ10 ወደ 7 ይወርዳል። ቤቱ በዚህ ከረካ፥ ቅነሳው ሳይቈረጥ ተለካ ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ውል ከመለወጥ በፊት አገልግሎት ሰጪው ይጠየቅ፦ አዲሱ መስመር ከቤት ወደ ውጭ የሚልከው ፍጥነት ስንት ነው? ፊት ለፊት ስንነጋገር የእኛም ምስል መሄድ አለበትና። ደግሞ ወደ ላይ ለመመለስ ብንሻ ክፍያ ወይም ቀጠሮ አለበት?

በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቤቱ መስመር ከመጠን በላይ ከጠበበ፥ ልጆች ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ጥቅል ይሸሻሉ። መካከለኛ ጥራት ያለው የአንድ ሰዓት ፊልም 1.35 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በቀን 2 ሰዓት የሚያይ ልጅ በወር 81 ጊጋባይት ይፈጃል። ይህ ወጪ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ ከመዝገብ አይገባም፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን ከተቀነሰው በልጦ ይገኛል። ስለዚህ ቅነሳው በተደረገበት ወር ለስልክ የሚወጣው ሁሉ አብሮ ይጻፍ።

የተረፈውም ብር ስም ይውጣለት። ለልጅ መጻሕፍት፥ ለዕድር፥ ወይም ለክፉ ቀን ተብሎ በዕለቱ ካልተለየ፥ ከሌላው ወጪ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ ቤተ ሰቡም ከአንዱ ተከልክሎ ሌላውን ሳያገኝ ይቀራል።

በመጨረሻ ይህ ጕዳይ በከፋዩ ብቻ እንዳይቈረጥ አደራ እንላለን። ከፋዩ ሒሳቡን ያውቃል፤ የሚቀርበትን የሚያውቀው ግን ተጠቃሚው ነው። ከእራት በኋላ ሁሉም በተሰበሰቡበት ይነገር፤ ልጆችም የድርሻቸውን ይተዉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «እማማ፥ ከልጅዎ ጋር የሚነጋገሩበት ቀንና ሰዓት መቼ ነው?» ተብለው አያት ይጠየቁ፤ ያቺም ሰዓት በመዝገቡ ራስ ላይ ትጻፍ። የቀረው ቅነሳ ሁሉ ከእርስዋ በታች ይሁን።