እስትንፋስና ሸክም

ከዓለም ባንክ ብዙም በማይርቀው በአለርትም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎቻችን ሌሊቱን በሥራ የምታነጋ ነርስ ድካሟ የአካል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ፣ በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ጫና የሚያስከትለውን መታከት በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል።

ለዚህ መታከት በኢንተርኔት የሚሰጥ የ«ማይንድፉልነስ» ሥልጠና እንደ መፍትሔ ይቀርባል። ልምምዱ ትኩረትን በእስትንፋስና በአሁኗ ቅጽበት ላይ ማሳረፍ ሲሆን፣ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን ጀምረውታል። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው በስልክ መከታተል መቻሉ መልካም ነው፤ ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያመለከቱ ጥናቶችም አሉ። ይሁን እንጂ የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ዊልያም ፍሌሚንግ በ46,336 የብሪታንያ ሠራተኞች መረጃ ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎችን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ደኅንነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል።

የፊዚክስ ተማሪ በዚህ አይደነቅም። በስፕሪንግ የተንጠለጠለን ክብደት ውኃ ውስጥ ብናወዛውዘው ውዝዋዜው ቶሎ ይረግባል፤ ሸክሙ ግን ባለበት ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝና የሥራ ሁኔታ መሻሻል ሲጠይቁ የተናገሩት ስለ ሸክሙ ነበር።

ስለዚህ ሥልጠናው ይሰጥ፤ ነገር ግን ከእረፍታቸው ሳይሆን ከሥራ ሰዓታቸው ተቀንሶ ይሁን። የተረኛው ቁጥርና ክፍያው ሳይስተካከል «ረጋ ብለሽ ተንፍሺ» ማለት ግን ጥፋቱን በነርሷ ላይ መጣል ነው። ነገ ነጭ ጋወን የምትለብሱ ተማሪዎች፣ ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ።