777፦ ክልከላን ማንሣት እና ምክንያቱን መዝለል

የሊኑክስ ሰርቨር በሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ዘንድ፣ ኮምፒውተሩ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ በከለከለ ቁጥር «ቻሞድ 777» የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ማለፍ እንደ ሙያ መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል፤ ትእዛዙ ግን ክልከላውን ያነሣል እንጂ ክልከላው ከምን እንደ መጣ አይመረምርም።

ሊኑክስ ከዩኒክስ በወረሰው ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል ለባለቤቱ፣ ለተመደበለት ቡድንና ለተቀረው ተጠቃሚ ሁሉ ለየብቻው ፈቃድ ይወሰንለታል፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ስለሚቆጠር የሦስቱ ድምር 7 ሙሉ ሥልጣን ነው። 777 እንግዲህ በሦስቱ ወገኖች መካከል ያለውን ልዩነት ከነጭራሹ መሰረዝ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በፎልደር ላይ ነው። ፋይልን የመሰረዝ ሥልጣን፣ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ፣ ከፋይሉ ሳይሆን ፋይሉን ከያዘው ፎልደር ይመነጫል፤ ስለዚህ የደመወዝ መዝገብ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው 600 ተብሎ ቢዘጋም፣ የተቀመጠበት ፎልደር 777 ከሆነ፣ ከመዝገቡ አንዲት መስመር ማንበብ የማይችል ተጠቃሚ ፋይሉን ሰርዞ በዚያው ስም የራሱን ሊተካ ይችላል። (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚከማቹበት ፎልደር ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚዘልቀው፣ የሌላውን ፋይል መሰረዝ የሚከለክል «ስቲኪ ቢት» የተባለ ተጨማሪ ምልክት ስላለበት ነው።)

«ሰርቨሩ የውስጥ ነው፤ ማን ይነካዋል?» የሚለው መከራከሪያም ውኃ አያነሣም፤ «ሌሎች» የሚባሉት ሰዎች ብቻ አይደሉምና። ብዙዎቹ አገልግሎቶች በየራሳቸው አካውንት ስለሚሠሩ፣ አንዱ በሰርጎ ገብ እጅ ሲወድቅ 777 የተባለው ሁሉ አብሮ ይጋለጣል። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንኛውም ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይኑረው ያሉትም እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመገደብ ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ደግሞ ፈቃዱ ሳይሆን ባለቤትነቱ ነው። የድረ ገጽ ሰርቨሩ በራሱ አካውንት እየሠራ አስተዳዳሪው ፎልደሩን «ሩት» በተባለው የበላይ አካውንት ሥልጣን ቀድቶት ከሆነ፣ ባለቤቱን «ቻውን» በተባለው ትእዛዝ መለወጥ፣ ወይም ቡድኑን አስተካክሎ 775 ማለት ይበቃል።

የሚያስገርመው፣ ልማዱ ባለቤቱንም አለመማሩ ነው፤ የገዛ ቤት ፎልደሩን 777 ያደረገ አስተዳዳሪ ከርቀት በቁልፍ ፋይል ሊገባ ሲሞክር፣ የርቀት መግቢያው ፕሮግራም ኦፕን ኤስኤስኤች በነባሪ ቅንብሩ፣ ማንም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ የተመዘገበን ቁልፍ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል።