ዋስ የሌለው ገንዘብና የሠርቶ አደሩ ላብ

ገንዘብ በራሱ ሀብት አይደለም። ሀብትን የሚፈጥረው የሰው ልጅ ሥራ ሲሆን፣ ገንዘብ የዚህ ሥራ ውጤት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት መሣሪያ ነው። ይህንን መሠረታዊ እውነት ስንዘነጋ፣ ያለ ሥራ ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል ለሚለው ስብከት ጆሯችንን እንሰጣለን። ይህ ስብከት ዛሬ ክሪፕቶ በሚል ስም በእጅ ስልክ ይመጣል። የእጅ ስልክ ከደረሰበት የፍኖተ ሰላም ገበያም ሆነ ከቡሬ የፋብሪካ ሠራተኛ ደጃፍ ሩቅ አይደለም። ስለሆነም የሰፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ጉዳዩን ከሥሩ መርምረን አቋም መያዝ ይገባናል።

በቅድሚያ ነገሩን ከነምንነቱ ማወቅ ተገቢ ነው። የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ቀዳሚ የሆነው ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ሐሳቡ ይፋ ሆኖ በ2009 ሥራ ጀመረ። ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ዝውውሩም ሁሉም ሊያየው በሚችለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡን መደለዝ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ የመዝገቡ ጽናትና የገንዘቡ ባለቤት ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሠርቶ አደሩ ገንዘቡን የሚያስረክበው ብዙውን ጊዜ በመካከል ለቆመው አገበያይ፣ ደላላ ወይም ቁማር ቤት ነውና።

ለዚህም ማስረጃው ግልጽ ነው። በጃፓን የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለ መገበያያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከስር ወደ 850 ሺህ የሚጠጋ ቢትኮይን ጠፋብኝ አለ፤ ከዚህ ውስጥ ኋላ የተገኘው 200 ሺህ ያህሉ ብቻ ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለው ደግሞ በ2022 ተንኮታኩቶ፣ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በማጭበርበር ወንጀል በ2024 የ25 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በ2025 ከባይቢት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ክሪፕቶ ተዘረፈ። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት መዝገቡ እንደቆመ ነበር፤ የሄደው የሰው ገንዘብ ነው።

ከዚህም የከፋው በክሪፕቶ ስም የሚካሄደው «ሰው አምጣ፣ ትርፍ ውሰድ» የሚሉት ዘዴ ነው። ሩጃ ኢግናቶቫ የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ2014 ያቋቋመችው ዋንኮይን እውነተኛ መዝገብ እንኳ አልነበረውም፤ ሆኖም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰብስቦ እርስዋ በ2017 ተሰወረች። ስሌቱን እኛው እንሥራው። አንድ ሰው አምስት ሰዎችን ቢያመጣ፣ እያንዳንዳቸውም አምስት አምስት ቢያመጡ፣ በሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ 78 ሺህ 125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ይህም በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 26 ሺህ ገደማ ከነበረው የፍኖተ ሰላም ከተማ ሕዝብ ሦስት እጥፍ ነው። እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ገቢዎች ትርፍ ሳይሆን ዕዳ እንደሚወርሱ ነቢይ መጠየቅ አያስፈልግም።

በክሪፕቶ የሚካሄደው የስልክ ቁማርም ከዚሁ ወገን ነው። አንዳንድ ቁማር ቤቶች ዕጣው እንዳልተጭበረበረ በሂሳብ ቀመር ማረጋገጥ ይቻላል ይላሉ። ቀመሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያረጋግጠው ዕጣው ውርርዱ ከተያዘ በኋላ አለመለወጡን እንጂ፣ ለአሸናፊው ገንዘቡ መከፈሉን አይደለም። ቁማር ቤቱ ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 3 ብር ብቻ የሚያስቀር ቢሆን፣ በቀን 40 ጊዜ መቶ መቶ ብር የሚያስይዝ ሠራተኛ በአማካይ 120 ብር በየቀኑ ይገብራል። ይህ የሚሆነው ያለ አንዳች ማጭበርበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ቆፋሪዎች ኃይል መሸጡን ደላሎች እንደ መንግሥት ዋስትና ቢያወሩትም፣ ኃይል መሸጥ ለገንዘቡ ዋስ መሆን ማለት አይደለም።

ዕቁብም ቢሆን ዕጣ አለው የሚሉ አይጠፉም። አዎን፣ አለው። ነገር ግን በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። አሥር ሰዎች አምስት አምስት መቶ ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በተራው 5 ሺህ ብሩን ይወስዳል፤ የማንም ድርሻ ለሌላው አይሻገርም። በቁማር ግን ዕጣው የሚወስነው ንብረትን ነው፤ የአንዱ ላብ የሌላው ሲሳይ ይሆናል። በዕቁብ ዳኛው ይታወቃል፤ ቀድሞ የወሰደም ዋስ ይጠራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ሀብቱን በስልክ ውስጥ ያኖረ ሰው ከሀብቱ ተለያይቷል፤ የዕቁብ ዳኛ ቤት ግን መንገዱ አልጠፋም።

ወጣቱን ወደዚህ የሚገፋው ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሥራ ማጣትና የኑሮ ውድነት ከጀርባው አሉ። በመሆኑም ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጠባና ብድርን በኅብረት ሥራ ማኅበራት ማጠናከር የመፍትሔው አካል ነው። ከዚህ ጎን ለጎን እያንዳንዱ ዕድርና የሰፈር ማኅበር ትርፍ ይዤ መጣሁ ለሚል ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን በጉባኤ ፊት ያቅርብ፦ ትርፉ የሚመነጨው ከየትኛው ሥራ ነው? ገንዘቡ ቢጠፋ ዋሱ ማነው? በየትኛውስ ፍርድ ቤት ይጠየቃል? ለሦስቱም የተሟላ መልስ እስካልቀረበ ድረስ የሠርቶ አደሩ ደመወዝና የአርሶ አደሩ የበርበሬ ሽያጭ ከኪሱ መውጣት የለበትም።