የትኛው አንድ?

መቂ ላይ ስለ ሃይማኖት ለመከራከር ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ የሐዋሳ መንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ገብቶ ወንበር መሳብ ይበቃል። የካቶሊክ ጳጳስ መቀመጫ በሆነችው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው አብረው ሽንኩርትና ቲማቲም በሚነግዱባት በዚህች ከተማ ሥላሴን የማይቀበል ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከተታል። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው።

«ኦንሊ ጂሰስ» የሚል ስም የወጣላቸው የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አማኞችና የይሖዋ ምስክሮች ሁለቱም «እግዚአብሔር አንድ ነው» ብለው ይነሣሉ፤ የሚደርሱበት ግን ለየቅል ነው። ለሐዋርያዊቱ አማኝ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ የአንዱ አምላክ መገለጫዎች ናቸው፤ ስሙም ኢየሱስ ነው። ስለዚህ የሐዋርያት ሥራ 2፥38ን ይዞ በኢየሱስ ስም ያጠምቃል፤ በማቴዎስ 28፥19 ቃል፣ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ የተጠመቀ ቢመጣም እንደገና ውኃ ያስገባዋል። የይሖዋ ምስክር ግን ኢየሱስን የፍጥረት መጀመሪያ፣ ከአባቱ የሚያንስ ይለዋል። ታዲያ እነዚህን ምን አንድ ያደርጋቸዋል?

ሥላሴን የምናምነው እኛ «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ» ብለን የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት እንጠቅሳለን። ምሳሌውን ትንሽ ገፋ ካደረጉት የተወገዘው ሰባልዮስ ደጃፍ ያደርሳል፤ አንዱ አካል በሦስት መልክ ታየ ወደሚለው። «ኦንሊ ጂሰስ»ን እያወገዘ ሳያውቀው እነሱ ዘንድ የሚያርፍ ተከራካሪ ሞልቷል።

«ሥላሴን አለመቀበል የፈረንጅ ሚሲዮን ያመጣው ነው» የሚሉም አሉ። ሐዋርያዊቷ ከአሜሪካ ሚሲዮናውያን ጋር መነሣቷ እውነት ነው፤ በሥላሴ ላይ ያለው ጠብ ግን አክሱም የገባው ገና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን አወገዘ። የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዎስ፣ ግን ወደ አርዮሳውያኑ አዘነበለ፤ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛናም ደብዳቤ ጻፈ። «የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ የሾመው የአክሱም ጳጳስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እምነቱ ይመርመር» ነበር ጥያቄው። ደብዳቤው የተረፈልን አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስላኖረው ነው። ያኔ የቤተ መንግሥት ዱላ በሥላሴ አማኞች ላይ እንደነበር ዛሬ ብዙኃንነታችንን ማስረጃ አድርገን ስንከራከር እንረሳዋለን። የኢዛና የድንጋይ ላይ ጽሑፎችም ቢሆኑ ለችኩል ተከራካሪ አይመቹም፤ የግሪኩ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል፣ የግዕዙ ግን «እግዚአ ሰማይ» ብሎ ያልፋል።

ደግሞስ በኒቅያ መስማማት ምን አስገኘልን? መቂ ውስጥ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ሁለቱም ሥላሴን ያምናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ451 ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከወሰነው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ግን ከአንድ ጽዋ አይቆርቡም።