የቤት አንቴና ሲመዘን

ቆርቆሮ ክዳን ዝናብን ብቻ ሳይሆን የራዲዮንም ሞገድ ይከለክላል። ቆቦ ደግሞ የራያ ሜዳ ላይ ሆና በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ደጋው ስለሚጋርዷት ኤፍ.ኤም. ከሩቅ አይደርሳትም። አጭር ሞገድ ግን ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። ጥቅሙም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ታውቋል፤ ስልክና መብራት ሲቋረጥ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ያለው ሰው የውጭውን ወሬ መስማት ይችል ነበርና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሽቦ ከቤት ውጭ መዘርጋት ይበጃል። ለ31 ሜትር ሞገድ ሩቡ፣ ይኸውም 8 ሜትር ገደማ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ጫፎቹ ቆርቆሮ እንዳይነኩ በፕላስቲክ ገመድ ይሰሩ፤ ከመብራት መስመርም ያርቁት።

ከዚያ በኋላ «ድምፁ ጨመረ» ብሎ መደሰት አይገባም። የሚረብሸው ጩኸትም አብሮ ከጨመረ ትርፉ ምንድን ነው? የሚመዘነው የንግግሩ ጥራት ነው። ስለዚህ ደከም ያለ አንድ ጣቢያ ይምረጡ፤ በራዲዮው ዘንግ፣ ወዲያውም በሽቦው እያፈራረቁ ሦስት ጊዜ ያዳምጡ። ለየአንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥተው በደብተር ይጻፉ። የሰማዩ ጠባይ በየምሽቱ ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ቀን አይፍረዱ፤ በዚያው ሰዓት ሳምንት ያህል ይድገሙት።

ደመና ሲጠቁር ግን መብረቅ ሳይጀምር ሽቦውን ከራዲዮው ነቅለው ወደ ውጭ ያውጡት። ወሬ ቢያመልጥ ነገ ይሰማል።